ዘበኛ የሌለው በር

አንባቢዬ ሆይ፤ በሕይወትዎ አንድ ጊዜ እንኳ ሥራ ፈልገው ከሆነ የመሥሪያ ቤት ዘበኛን ጠባይ ያውቁታል። ካፖርቱን ደርቦ፥ ዱላውን ተመርኩዞ ከበሩ ላይ ይቆምና ገና ከሩቅ ሲያይዎ «ምን ፈልገው ነው?» ይላል። «ሥራ» ያሉት እንደ ሆነ ከእግርዎ እስከ ራስዎ ይመለከትዎታል። ከዚያም ወይ «ሥራ የለም» ብሎ ይመልስዎታል፤ ወይም ቀኑ የቀናልዎ እንደ ሆነ «እስቲ ይግቡና ጸሐፊዋን ያነጋግሩ» ይላል። እኔ በወጣትነቴ ከአንድ በር ሦስት ቀን ተመላልሼ፥ በአራተኛው ቀን ዘበኛው አዝኖልኝ «ልጄ፥ እዚህ የሚቀጠረው ሰው ከተቀጠረ ሰንብቷል፤ ጫማህን በከንቱ አትጨርስ» ብሎ የመለሰኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በዚያን ቀን ተቀይሜው ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያ ሰው ትልቅ ውለታ ውሎልኛል። ቁርጡን ነግሮኛልና።

ይህን ነገር ያስታወሰችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ልጅቱ የተመረቀችው በ2015 ዓ.ም. ነው። ትምህርቷም የሒሳብ አያያዝ፥ በዘመኑ ቋንቋ አካውንቲንግ የሚባለው ነው። በዚያው ዓመት ለተመራቂዎች ሁሉ መሰጠት የጀመረውን የመውጫ ፈተናም አልፋለች። እናቷ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤት በማስረከብ ያስተማሯት አንድ ልጃቸው ናት። እነሆ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፎ፥ ልጅቱ ከደጃፉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በእጅ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች ትውላለች።

አንድ ቀን እናቲቱ ምጣዳቸውን አሰሱና በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ወንድሜ፥ እስቲ ይህችን ልጅ ምከርልኝ» አሉኝ። «ሥራ እፈልጋለሁ ትለኛለች፤ እኔ ግን ስልክ ስትነካካ ነው የማያት። ሥራ የሚፈለገው በጠዋት ተነሥቶ፥ ታጥቦ፥ ተሂዶ አይደለም እንዴ?»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኗ ቀልቷል። «ጋሼ፥ ዛሬ ብቻ ስድስት ቦታ አመለከትሁ» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን እንደ እናቲቱ ነበር የማስበው። ወጣት ሁሉ ስልክ ይዞ ሲቀመጥ የሚጫወት ይመስለናል። እንግዲህ ሐሰቱን ከእውነቱ ለመለየት ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ በርጩማ አስመጥቼ ከአጠገቧ ተቀመጥሁ። ያየሁትንም ለእርስዎ እነግርዎታለሁ፤ ይልቁንም በቤትዎ እንደዚህች ያለች ልጅ፥ ወይም ወንድም፥ ያለዎት እንደ ሆነ።

ከሰሌዳ ወደ ስልክ

አስቀድሞ ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ ጥቂት ላስታውስዎ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የተማረ ሰው እንደ ዕንቊ የሚቈጠርበት ዘመን ነበርና ተማሪውን የሚፈልገው መሥሪያ ቤቱ ነበር። በደርግ ዘመንም ከኮሌጅ የወጣው አብዛኛው ሰው በመንግሥት ምደባ ወደ ሥራ ይሄድ ነበር፤ ምድቡ ከዘመድ አዝማድ የራቀ አገር ቢሆንበትም ደብዳቤው በእጁ ነበረ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። የሚወጣው ተማሪ ብዙ፥ የሚከፈተው ወንበር ግን ጥቂት ነው።

በመካከሉ የጋዜጣና የሰሌዳ ዘመን ነበረ። በ1933 ዓ.ም. የተቋቋመው አዲስ ዘመን፥ በኋላም እንደ ሪፖርተር ያሉት ጋዜጦች የሥራ ማስታወቂያ ይዘው በወጡ ቀን አራት ኪሎ የገበያ ቀን ይመስል ነበር። ጋዜጣውን ለመግዛት ገንዘብ ያጠረው ወጣት ከአስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተከራይቶ ያነባል። ሌላው ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ እስክሪብቶውን ይዞ ይገለብጣል። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ግፊያው ያስጨንቃል። ነገር ግን አጠገብዎ የቆመው የማያውቁት ሰው «ይህኛው ትናንት ተዘግቷል፥ አይድከሙ» ይልዎ ነበር። ሌላው ደግሞ «እነዚህ የሚፈልጉት ወንድ ብቻ ነው፤ እኅቴ ሄዳ አይታዋለች» ይላል። ሥራ ያጣ ሰው ቢያንስ ብቻውን አልነበረም።

ዛሬ ሰሌዳው ሁሉ ከአንዲት መዳፍ ከምታህል መስታወት ውስጥ ገብቷል።

ሃያ ሦስቱ ሰሌዳዎች

የጎረቤቴ ልጅ በቴሌግራም ሃያ ሦስት የሥራ ማስታወቂያ ቦታዎችን ትከታተላለች። ሰኞ ጠዋት ስልኳን ስትከፍት ከሦስት መቶ በላይ ያልተነበበ መልእክት ይጠብቃት ነበር። እኔም «ይህ ሁሉ ሥራ ካለ ምን ያስጨንቅሻል?» አልኋት። እርስዋ ግን ሣቀችና አንድ በአንድ ታሳየኝ ጀመር። አንዱ ማስታወቂያ በሰባት ቦታ ተደጋግሞ ወጥቷል። አንዱ ከሌላው ይገለብጣልና። ሲገለብጥም የወጣበትን ቀን ይቈርጠዋል፤ አሮጌ ዕቃ አዲስ መስሎ እንዲሸጥ መሆኑ ነው። ዝርዝሩን ለማየት ሲጫኑ ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳል፤ እዚያም የሳሙናና የውርርድ ማስታወቂያ እየተንጋጋ ይመጣል። ያን አልፈው ሲሄዱ «መጀመሪያ የዚህ ቦታ አባል ይሁኑ» ይባላሉ። ሃያ ሦስቱም የተጠራቀሙት በዚህ መንገድ ነው። በመጨረሻ ዋናው ጽሑፍ ሲገኝ የማመልከቻው ቀን ካለፈ ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በገንዘብ ነው። ስልኩ ጥቅል ይበላል። እናቲቱ በየሳምንቱ ከእንጀራው ገንዘብ ላይ እየቈነጠሩ ለኢንተርኔት ይሰጣሉ፤ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ግን በዐይናቸው አያዩትም። ሰው ለታክሲ ከፍሎ ቢሄድ መሄዱ ይታያል፤ ተቀምጦ የሚከፈል ገንዘብ ግን ለእናት አይገባም።

ማስታወቂያውን ራሱንም ያነበብሁ እንደ ሆነ ግር ይለኛል። «ለጀማሪ» ይልና ከታች «2 ዓመት የሥራ ልምድ ያላት» ይላል። ጀማሪ ሆኖ ልምድ ያለው ሰው እንደ ምን ያለ ነው? ከዚያም ውጤቷ ከ3.00 በላይ የሆነ ይላል። ስለዚህ ወጣቶቹ «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲያገኙ ልክ እንደ ዕጣ ይጨበጨባል። ባዶ ቊጥር ይህን ያህል ሲወደድ ያየሁት ገና አሁን ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ በስልክ ይደርሳል፤ ነገር ግን ከግርጌው «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ዋናውንና ኮፒውን በመያዝ በአካል ቀርበው እንዲመዘገቡ» ይላል። የልጅቱ የትምህርት ቤት ጓደኛ የሚኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ማስታወቂያውን በሦስተኛው ቀን አየ፤ ለመሳፈሪያ ተበደረ፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጒዞ በአምስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ደረሰና ሰነዱን አስረከበ። ተመዝጋቢዋ ወረቀቱን ተቀብላ ከክምሩ ላይ ስትጥለው ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ይህን ያህል መንገድ ለሁለት ደቂቃ! ስልክ ማስታወቂያውን ካመጣው፥ ኮፒውንስ መመለስ ለምን ይከለክለዋል?

ስልኩም ቢሆን ሁልጊዜ ይገኛል ማለት አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ፌስቡክ ተዘግተው እስከ ሐምሌ በቈዩ ጊዜ ሥራ ፈላጊው ቪፒኤን የሚባለውን አቋራጭ እየጫነ ነበር ማስታወቂያ የሚሰርቀው። ይህ እንኳ ለአዲስ አበባ ነው። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ጊዜ፥ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፥ ማመልከቻ በኢሜይል ብቻ የሚቀበል ድርጅት ሁሉ፥ ዐውቆም ይሁን ሳያውቅ፥ የዚያን አገር ልጅ በሩን ዘግቶበት ነበር።

አያትየው ሲያመለክቱ

ማክሰኞ አንድ ደህና ማስታወቂያ ተገኘና ቅጽ መሙላት ተጀመረ። ቅጹ የተሠራው በፈረንጅ አገር ልማድ ነው። መጀመሪያ ስም ይጠይቃል፤ ሰጠችው። ቀጥሎ የአባት ስም ጻፈች። ከዚያ «የቤተ ሰብ ስም» አለ። እንደሚያውቁት እኛ የቤተ ሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ ሰው በራሱ ስም፥ በአባቱ ልጅነት ይጠራል። ባዶ ብትተወው ቅጹ አላሳልፍ አላት። ስለዚህ የአያቷን ስም አገባች። ፎቶግራፏን፥ ዲግሪዋን፥ የፈተና ውጤቷን ጨመረች፤ በስልክ የተነሣው ከብዶት አልቀበል ስላለ ወደ ኢንተርኔት ቤት ወርደን አሳንሰን፥ ፒዲኤፍ አስደርገን መለስነው። (የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ የኢሜይሏን የይለፍ ቃል በቃሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ የከፈተላት እርሱ ነበርና። ይህ ነገር አላማረኝምና ወዲያው አስቀየርኋት፤ እርስዎም ለልጅዎ እንዲህ ያድርጉ።)

ልካ ሳትጨርስ መልስ መጣ። ደስ ብሎን ከፈትነው። «ውድ አቶ» ይልና የአያቷን ስም ይጠራል። «ማመልከቻዎ ደርሶናል። ስለ ፍላጎትዎ እናመሰግናለን። ለዚህ መልእክት መልስ አይስጡ።»

አያትየው በአርሲ አገር በእርሻ ኖረው ያረፉ ሰው ናቸው። እናቲቱ ነገሩን በሰሙ ጊዜ ምጣዱን ትተው እየሣቁ ወጡ። «አማቴስ ታደሉ!» አሉ። «ከሞቱም በኋላ ደብዳቤ ይጻፍላቸዋል።»

በሳቁ መካከል ግን ልጅቱ አልሣቀችም። በዲግሪዋ ላይ ስሟ በእንግሊዝኛ የተጻፈው በአንድ ዐይነት፥ በመታወቂያዋ ላይ በሌላ ዐይነት ነው። «ጸ» የምትባለውን ፊደላችንን አንዱ ጸሐፊ በአንድ የፈረንጅ ፊደል፥ ሌላው በሁለት ይጽፋታል። በአማርኛ አንድ የሆነች ልጅ በማሽኑ ዐይን ሁለት ሴቶች ናት፤ አያቷ ሲጨመሩ ሦስት ሰዎች ሆኑ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ነገር ዝምታ ነው። ረቡዕ ምንም የለም። ሐሙስም የለም። ያለፈውን ሁሉ እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። በሁለት ዓመት ውስጥ የላከችውን ማመልከቻ በደብተር ላይ በተራ ቊጥር ጽፋው ኖሯል፤ የሒሳብ ሰው አይደለችም? ቀን፥ የመሥሪያ ቤቱ ዐይነት፥ የሥራው መደብ፥ መልስ የሚል ዐምድ አለው። ቅጠሉን እየገለጥሁ ሄድሁ። የመልሱ ዐምድ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። ጥቂት «ደርሶናል» ብቻ አለበት። «አልተመረጥሽም» የሚል አንድም ቦታ የለም።

«ጋሼ፥ ከሁሉ የሚከፋኝ ይኸ ነው» አለችኝ። «እምቢ ቢሉኝ ሌላ እፈልጋለሁ። ዝም ሲሉኝ ግን ምናልባት ነገ ይጠሩኝ ይሆናል እያልሁ ስልኬን ሽንት ቤት ድረስ ይዤ እሄዳለሁ።»

ከመስታወቱ ወዲያ

ዐርብ ዕለት ከጥንት ጓደኞቼ አንዱ ወደ ሆነ ሰው ሄድሁ። የውጭ አገር ሰዎች ባሉበት በአንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ቅጥር ኀላፊ ነው። ቡና አስመጣልኝና ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረው። ለአንዲት የገንዘብ ያዥነት ቦታ የመጣው ማመልከቻ እንደ ጢስ ነው፤ ወደ ላይ ቢስቡት፥ ወደ ታች ቢስቡት አያልቅም።

«ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ላንብብ ብል ክረምት ይገባብኛል» አለ። «ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑ ይለየዋል። የትምህርት ዐይነት፥ የልምድ ዓመት፥ የምንፈልጋቸው ቃላት መኖራቸውን ያያል። ያላሟላውን ወደ ጎን ያደርገዋል። እኔ የማየው ከወንፊቱ በላይ የቀረውን ነው።»

«የቀረውስ?»

«የቀረውም ቢሆን አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል» አለና አሳየኝ። ወጣቶቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስጻፍ ጀምረዋልና ደብዳቤው ሁሉ «በታላቅ ጉጉት» ብሎ ተነሥቶ «በትሕትና» ብሎ ይወድቃል። ማሽን የጻፈውን ማሽን ያነባል። በመካከላቸው የቆመው ሰው ደመወዝ ፈላጊው ብቻ ነው።

የልጅቱን ሲቪ ኮፒ ይዤ ሄጄ ነበርና ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበና ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ጥሩ ናት፤ ነገር ግን ከ2015 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ኖረች?»

ለጊዜው አልገባኝም ነበር። ወዲያው ግን ደነገጥሁ። ልጅቱ የተመረቀችው በእኛ አቈጣጠር በ2015 ነው፤ ይህም በፈረንጅ 2023 መሆኑ ነው። በሲቪዋ ላይ «ዓ.ም.» የሚለውን አልጻፈችም። እንዲያውም ቅጹ ቊጥር እንጂ ፊደል አይቀበልም። ድርጅቶቹ ደግሞ የሚቈጥሩት በፈረንጅ ነው። በዚህም ምክንያት ሁለት ዓመት ሥራ የፈለገችው ልጅ በማሽኑ ዐይን ዐሥር ዓመት ቤቷ የተቀመጠች ሰነፍ ሆና ኖራለች። ስንቱ መሥሪያ ቤት በዚህ ምክንያት ወደ ጎን እንዳደረጋት ማን ያውቃል? አንድ ሰው ቢያነበው «ልጄ፥ ይህ በእኛ ነው በእነርሱ?» ብሎ በጠየቃት ነበር። ወንፊት ግን አይጠይቅም።

ጓደኛዬም አፈረ መሰለኝ። «ይህን አስቤው አላውቅም» አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላም ነገር አጫወተኝ። አንዳንዱ ማስታወቂያ የሚወጣው ለወጉ ነው። ሰውየው ከውስጥ ታይቷል፥ ታጭቷል፤ ደንቡ ግን ማስታወቂያ ይውጣ ስለሚል ይወጣል። ያ የወጣትነቴ ዘበኛ የነገረኝ ነገር እነሆ በኮምፒዩተሩም ዘመን እንዳለ አለ። ልዩነቱ አሁን የሚነግር ዘበኛ አለመኖሩ ነው።

«ታዲያ ላልተመረጡት ለምን አትጽፉም?» አልሁት።

«ለስንቱ ብለን?»

«ማሽንህ ለአንድ ሺሕ ሰው ባንዴ ‹ደርሶናል› ማለት ካላቃተው፥ ባንዴ ‹አልሆነም› ማለትስ ምን ያቅተዋል?»

ቡናውን አማሰለ። አማስሎ ሲያበቃ፥ ሰው ሲቈጣና ደጋግሞ ሲጽፍ ጣጣ እንደሚመጣ፥ ምናልባትም የተመረጠው ሰው ቢቀር ተጠባባቂ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ምክንያት ነው፤ አልካድሁትም። ነገር ግን ነጩን ዐምድ አይቼ ስለ መጣሁ አላረካኝም፤ እርሱንም ያረካው አልመሰለኝም። ስንለያይ እስከ ደረጃው ሸኘኝና «ይህን ነገር ለአለቆቼ አነሣዋለሁ» አለኝ። ማንሣቱን ወደፊት እጠይቀዋለሁ።

500 ብር

ቅዳሜ ጠዋት ከጩኸት ጋር ነቃሁ። እናቲቱ እልል እያሉ ነው። ለልጅቱ «እንኳን ደስ ያለሽ፥ ተመርጠሻል» የሚል መልእክት መጥቷል። ድርጅቱ ትልቅ ነው፤ ደመወዙም ከጠበቀችው እጥፍ ነው። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። አንዲት ነገር ብቻ ቀርታለች፤ ለመታወቂያና ለሥልጠና 500 ብር በስልክ እንድትልክ። እናቲቱ ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈትተው ይዘዋል።

«የት ተፈተንሽ?» አልኋት።

«አልተፈተንሁም።»

«መቼ አመለከትሽ?»

ደብተሯን አመጣች። ፈለገች፤ የድርጅቱ ስም የለም። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ ብሎ ሲጠፋ ማየት ከባድ ነበር። እናቲቱ ግን አልተሸነፉም፤ «ምናልባት ስሟን ሰምተው ይሆናላ!» አሉ። በመልእክቱ ላይ ወዳለው ቊጥር ደውለን «ቢሯችሁ የት ነው? ገንዘቡን ይዘን እንመጣለን» ብንል መስመሩ ተቋረጠ። ሁለተኛ ስንደውል ተዘግቷል።

አንባቢዬ፥ ይህችን ነገር በቤትዎ ያሳውቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቊጥር 1156 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጒም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ መሆኑን ይናገራል። ወደ ዐረብ አገር ለሚሄዱትም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቊጥር 923 የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ መጓጓዣውን በአሠሪው ላይ ጥሎታል። እንግዲህ «ቪዛሽ ወጥቷል፥ ገንዘብ ላኪ» የሚል የስልክ ደላላ ከየትኛው ሕግ ተነሥቶ እንደሚጠይቅ ራሱ ያስረዳ።

እናቲቱ 500 ብሩን መልሰው ሲቋጥሩ እንዲህ አሉ፦ «ሌባው እንኳ መልስ ይሰጣል፤ እነዚያ ግን ዝም።»

ነገ በ9:00

እሑድ ዐረፍን። የሲቪውን ዓመተ ምሕረት በሁለቱም አቈጣጠር አስተካክላ ጻፈች፤ በእኛ 2015፥ በፈረንጅ 2023 ብላ። ሰኞ ለዘጠኝ ቦታ አዲሱን ላከች። ማክሰኞ ማታ፥ ሁለት ዓመት ያልጮኸው ስልክ ጮኸ። አጭር መልእክት ነው፤ «ለጽሑፍ ፈተና ስለተመረጡ ነገ በ9:00 ሰዓት በዋናው መሥሪያ ቤት ይገኙ» ይላል። ገንዘብ አይጠይቅም። ደብተሩ ውስጥ ስሙ አለ። እውነተኛ ነው!

ያን ሌሊት በዚያ ቤት የተኛ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቀሚስ ተተኰሰ፤ ከአክስቷ ልጅ ጫማ ተዋሰች፤ የድሮ ደብተሮቿን አውጥታ ስታነብ አነጋች። ረቡዕ ጠዋት እናቲቱ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው መጡ። ምሳ በልታ፥ በ7 ሰዓት ተነሥታ፥ ሁለት ታክሲ ለውጣ ከ8 ሰዓት ተኩል በፊት ከበሩ ደረሰች። አብሬያት ሄጄ ነበር።

በሩ ላይ ዘበኛ ነበረ። ካፖርት የለበሰ፥ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። ስልኳን አሳየችው። አነበበና አንዴ እርስዋን፥ አንዴ እኔን አየ።

«ልጄ፥ ፈተናውማ ጠዋት ነበር» አላት። «በ3 ሰዓት ገቡ፤ በ5 ተኩል ወጡ። እነርሱ 9:00 የሚሉት በፈረንጅ ነው። አንቺ አራተኛዋ ነሽ፤ ቅድምም ሦስት ልጆች መጥተው መልሻለሁ።»

ጠዋት በል፥ ከሰዓት በል የሚል አንድ ቃል አልነበረበትም። «ነገ በ9:00» ብቻ። ልጅቱ በእኛ ሰዓት 9 የሆነ መስሏት ጠዋቱን ሙሉ ሐተታ ስታነብ፥ የተቀመጠችበት ወንበር ባዶውን ውሏል። ገብተን እናስረዳ ብንል የቅጥር ክፍሉ ባለጒዳይ አያስገባም፤ ጥያቄ በኢሜይል ብቻ ነው። ዘበኛው ግን ከጎጆው በርጩማውን አወጣና «ጥቂት ዐረፍ በይ» አላት። ውሃም ሰጣት። ከዚያም ራሱ ወደ ውስጥ በስልክ ደወለና ሲነጋገር ቈየ፤ ሲመለስ ራሱን ነቀነቀ። «አልሆነም፥ ልጄ። የሚቀጥለው መቼ እንደ ሆነ አያውቁም። አትጠብቂ፤ ሌላ ፈልጊ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ቁርጡን የነገራት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ታክሲ ውስጥ ሳለን አለቀሰች፤ አዲሱ ገበያ ስንደርስ ግን እንባዋን ጠረገችና ደብተሯን አወጣች። ከመሥሪያ ቤቱ አንጻር በመልሱ ዐምድ «አልሆነም» ብላ ጻፈች። ከሁለት ዓመት ነጭ በኋላ የተጻፈች የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

በዚያው ማታ ነገሩን አስረድታ፥ ሌላ ዕድል እንዲሰጧት በትሕትና ለምና በኢሜይል ጻፈች። የመጣውን መልስ እርስዎም ይገምቱታል፤ ደርሶናል።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ሌላ ማስታወቂያ አግኝታለች፤ የሒሳብ ሠራተኛ፥ ዜሮ ዓመት፥ ማብቂያው ዛሬ።

«ጋሼ፥ 11:59 ይላል። በማን ሰዓት ነው?»

እኔም ስላልታወቀኝ «አሁኑኑ ላኪው» አልኋት። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ እናቲቱ የመጨረሻውን እንጀራ እያወጡ ነው። ቅጹን ሞላች፤ ዓመቱን በሁለቱም ጻፈች፤ ስሟን በዲግሪዋ ላይ እንዳለው አድርጋ ፊደል በፊደል አስተካከለች። ላከችው። ስልኩ ወዲያው ጮኸና ሁላችንም ጐንበስ ብለን አየነው።

«ውድ አቶ» ይላል፤ ቀጥሎ የአያቷ ስም ነበረ።